የትኛው እርሳስ

ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ፀጉር ስትሠራ ኖራ፣ ጉልበቷ አልቆም ሲላት ፀጉር ቤቷን ዘግታ ቤቷ ገባች። እጇ ግን አላርፍ አላት። አንድ ቀን መስኮት ገጣሚው ጎረቤቷ ባለቀለም መስታወት ቆርጦ በእርሳስ ሲያያይዝ አየችና "እስቲ እኔም ልሞክር" አለችው። እስቲ ልሞክር ያለችው ነገር ልክፍት ሆኖባት ቀረ።

የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ የሥራ ቦታዋ ሆነ። ንድፉን ወረቀት ላይ ትስላለች፤ መስታወቱን በመቁረጫው ትጭርና በሁለት አውራ ጣቶቿ ቀጭ ታደርገዋለች፤ ጠርዙን ትሞርዳለች። ከዚያ ቁርጥራጮቹን ግራና ቀኙ ቦይ ባለው የእርሳስ ዘንግ ውስጥ እየሰካች መጋጠሚያውን በጋለ መበየጃ ትይዘዋለች። እርሳሱን ትወደው ነበር። መስታወት እልኸኛ ነው፣ ትንሽ ከተጫኑት እምቢ ብሎ ይሰነጠቃል፤ እርሳስ ግን ባጠፉት ይታጠፋል። አንድ ሥራ በጨረሰች ቁጥር መስኮቱ ላይ ትሰቅለውና፣ ጸሐዩ ወለሉ ላይ የሚጥለውን ቀይና ሰማያዊ ስታይ ሻይዋ ይቀዘቅዝባታል። በሕይወቷ የሠራችው ፀጉር ሁሉ ታጥቦ ሄዷል፤ ይሄ ግን ይቆያል። ጎረቤቶቿ "ባለመስታወቷ" ሲሏት ደስ አላት።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። የልጇ ባል ከባድ መኪና እየነዳ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ሰው ነው። ድንቡሼ የሚሏት የልጅ ልጇ መራመድ ስትጀምር ታዲያ፣ "እማዬ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" ተባለች።

"መስታወት በፈሰሰበት ቤት ልጅ?"

"መስታወትሽን ትተይዋለሻ!"

"ኧረ ባክሽ! እሱን ብተው አብዳለሁ። አምጪያት፣ እጠነቀቃለሁ።"

ተጠነቀቀችም። ስባሪ ሲወድቅ ተንበርክካ ወለሉን እየዳበሰች ትለቅማለች፤ ቁርጥራጩን ከፍ ካለ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። የመስታወቱ ነገር እንቅልፍ ይነሳት ነበር። እርሳሱ ግን አይቆርጥ፣ አይወጋ። እንዲያውም ድንቡሼ ጠረጴዛ ሥር ሆና ስትነጫነጭ የምታባብላት በእሱ ነው። ከትራፊው ጠምዝዛ አምባር ሠራችላት። ልጅቷ አምባሯን ስትነክስ፣ ስትልስ፣ በሱ ወለሉን ስትደበድብ ትውላለች። መስኮት ገጣሚው በመጀመሪያው ቀን፣ "እርሳስ ነክተሽ ሳትታጠቢ እህል እንዳትቀምሺ" ብሏት ነበር። እሷም ትታጠባለች፤ የራሷን እጅ።

ድንቡሼ ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ስሟ የማይመጥናት ሆነች። ከሳች። ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ከሁሉ የከፋው ንግግሯ ነበር፤ "ውሃ ስጪኝ" ትል የነበረች ልጅ በጣቷ ማሳየት ጀመረች። አያትየው "ጥርስ ነው" አለች። ጎረቤቶች "ትል ነው" አሉ። እናትየው ግን አላስችል ብሏት ሐኪም ቤት ወሰደቻትና ደም ተቀዳ።

ውጤቱ ሲመጣ ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ ነው የሚሉኝ። እርሳስ! ስትበላ አይተሻታል እንዴ? እኛ ቤት እኮ እንኳን እርሳስ እስክሪብቶም የለም!"

አያትየው ክው አለች። የትኛው እርሳስ እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። አምባሩ ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የትንንሽ ጥርሶች ምልክት አለበት። ልትናገር አፏን ከፈተች።

"አዎ" አለች። "ንድፍ የምስልበትን እርሳስ ታኝካለች። ስንቴ ከአፏ አውጥቻለሁ መሰለሽ!"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምን አውቄ!"

ስልኩን አስቀመጠች። አምባሩን ጣለች፤ ዘንጎቹን በማዳበሪያ ጠቅልላ አልጋ ሥር ሸጎጠች፤ ወለሉን በመጥረጊያ ጠረገች። ብናኙ ቦንኖ ተመልሶ ተቀመጠ። "በቃ፣ ልጅቷም ትድናለች፣ እኛም ሳንጣላ ያልፋል" ብላ ራሷን አጽናናች። ልጇ መጥታ መሳያ እርሳሶቹን ከየመሳቢያው ለቃቅማ ወሰደችና፣ እፎይ ብላ ድንቡሼን እዚያው ማዋሏን ቀጠለች።

በሁለተኛው ምርመራ ነገሩ ብሶ ተገኘ።

"እርሳሶቹን እኮ ጣልናቸው!" አለች እናትየው።

ሐኪሟ ግራ ገብቷት አየቻት። "የምን እርሳሶች? የሚጻፍበት እርሳስ እኮ ስሙ ነው እንጂ ውስጡ እርሳስ የለም። እኔ የምልሽ ብረቱን ነው፤ ባትሪ ውስጥ ያለውን፣ ለብየዳ የሚሆነውን። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው ልጅቷ አጠገብ አለ?"

ልጇ የእናቷን በር ሳታንኳኳ ገባች። ወጥ ቤት መሐል ቆማ መስኮቱን ቀና ብላ አየችው።

"እነዚህን የሚያያይዛቸው ምንድን ነው?"

አያትየው ወንበር ሳበችላት።

"እማዬ፣ ምንድን ነው ያልኩሽ!"

"እርሳስ።"

"ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?"

"ልጄ፣ እኔ መስታወቱን ስፈራ... እርሳሱን ማን ጠረጠረው..."

"የጠየቅኩሽን መልሺልኝ። ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?"

አያትየው ክፍት የቀረውን መሳቢያ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"ሳታውቂ የሰጠሻትን ይቅር እልሽ ነበር" አለች ልጇ ሳትጮህ። "እኔም አምባሩ ያምርባታል ብዬ ፎቶ አንስቻታለሁ። ግን ከዚህ ቤት መራቅ ሲገባት እኔ እዚህ እርሳስ ስለቅም ነበር። አንቺ እዚያ ጋ ቆመሽ ታዪኛለሽ። መሳቢያውን እንኳን ራስሽ ነሽ የከፈትሽልኝ።"

የድንቡሼን ልብስና ጫማ በከረጢት ሰብስባ ወጣች።

አያትየው ዘንጎቹን አውጥታ ለመስኮት ገጣሚው ሰጠች፣ መስኮቱ ላይ የሰቀለችውን ሁሉ አወረደች፣ ወለሉንና ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ፈተገች። ከዚያ ደወለች። "ቤቱን አጥቤዋለሁ፣ ልጄ። አንዲት ፍንጣሪ የለችም።"

"ቤቱንስ አጠብሽው" አለችና ልጇ ዘጋችባት።

የልጇ ባል አንድ ጊዜ ተደብቆ ደወለላት። የድንቡሼ ደም እየጠራ ነው አላት፤ ቃላቷ ግን እየተንጠባጠቡ ነው የሚመለሱት፣ አንዳንዱም ገና አልመጣም። "ለልጅሽ ጊዜ ስጪያት እናቴ፣ ይበርድላታል" ብሎ ነበር። አልበረደላትም።

ዓመት አልፎ፣ አያትየው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተሰልፋ ሳለ ከፊቷ ሁለቱን አየቻቸው። ድንቡሼ ቁመት ጨምራለች፤ ፀጉሯን ግን ማን እንደሠራት እንጃ፣ ተንጋዶ ተሠርቷል። የአያትየው ጣቶች ሊያስተካክሉት ተነሡና መሐል ላይ ቆሙ። ልጇ ዘወር አለች። ለአፍታ ተያዩ።

"ሰላም በያቸው" አለች ልጇ ለትንሿ።

በያት አላለችም። በያቸው። ሰው ለማያውቀው ትልቅ ሰው እንደሚባለው።

ድንቡሼ እጇን ዘረጋች። ቃሉን ፈልጋ ፈልጋ፣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ፣ "ደ... ደና ኖት?" አለች። እናቷ "ጎበዝ" አለቻት።

"ደህና ነኝ፣ የኔ እመቤት" አለች አያትየው። ትንሿ እጅ በእጇ ውስጥ ሞቃ ነበር፤ አጥብቃ እንዳትይዛት ፈራች።

አውቶቡሱ መጣና ተሳፈሩ። የሷም መንገድ በዚያው ነበር። ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ "እናት፣ አይገቡም እንዴ?" ሲላት፣ "ይለፉ፣ የሚቀጥለውን ነው የምጠብቀው" አለችው።