ለካምፐሩ የሚሆን ማንቆርቆሪያ

ወልዴ ጡረታ እንደወጣ ቴክሳስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ያለውን ቤታቸውን ሸጦ ካምፐር፣ በፒክአፕ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ገዛ። ሐሳቡ የሚስቱ የየሺሃረግ ነበር። "ዕድሜህን ሙሉ የሰው አገር ሰው በታክሲ ኤርፖርት ስታመላልስ ኖርህ፤ አሁን ደግሞ እኔን አዙረኝ" ብላው ነው።

ኒው ሜክሲኮን አይተው ኮሎራዶ ደረሱ። እዚያ ወልዴ ቤንዚን ሊቀዳ ሲወርድ የሺሃረግም ወርዳ የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ያን ቀን እስኪበቃቸው ሳቁበት። ቆይቶ ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ሲላቸው ጉዞው ቀረ። ካምፐሩንም ወደ ቴክሳስ መልሰው አርሊንግተን አንድ የካምፐር ማቆሚያ ውስጥ አቁመው መኖሪያ አደረጉት። ጠባብነቱን ወልዴ ወደደው፤ የትም ብትቆም ከዓይኑ አትወጣም።

አንድ ጠዋት ሻወር ውስጥ ሳለ የጋዝ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ፎጣ አሸርጦ ሲወጣ የሺሃረግ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ጋዙ ተከፍቷል፤ እሳት ግን የለም። ክብሪቱን በእጇ ይዛለች።

"ሻይ ላፈላልህ ብዬ" አለችው።

ዴንተን ከተማ ነርስ ለሆነችው ልጃቸው ለልዩ ደወለላት።

"አባዬ፣ ስቶቩን ዲስኮኔክት አድርገው። ሻይ ከውጪ ግዛላት። ማለቴ፣ ሴፍ አይደለም።"

"ማንም ሳይነግራት የምትሠራው ሻይ ማፍላት ብቻ ነው የቀራት፣ ልጄ። እሱንም ልውሰድባት?"

"ኦኬ። ሶ፣ እሳት የሌለው ነገር ፈልግ።"

በማግስቱ ፎርት ወርዝ ወዳለ የካምፐር ዕቃ መሸጫ ይዟት ሄደ። የሺሃረግ ቀዩን፣ ሲፈላ የሚያፏጨውን ማንቆርቆሪያ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘች። "ይሄ ያምራል" አለች። እሱ ግን እሳት ላይ የሚጣድ ነው። ቢያፏጭስ ፉጨቱ ምን እንደሚላት ታውቃለች? ትልቁ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ደግሞ ቶሎ ያፈላል፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣው ኤሲ እየሠራ ከተሰካ የካምፐሩ ብሬከር ወርዶ መብራቱ ይጠፋል። በቴክሳስ የሐምሌ ሙቀት ያለ ኤሲ መቀመጥ አይቻልም። ትንሽዬ፣ ብዙ ኃይል የማትስብ፣ ውሃው ሲፈላ በራሷ የምትጠፋ አገኘ። አዝጋሚ ናት፤ ግን አታቃጥልም። ቀዩን ከእጇ ቀስ አድርጎ ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። የሺሃረግ እስኪወጡ ድረስ ዞር እያለች ማንቆርቆሪያውን አየችው።

ቤት እንደገቡ የምድጃውን መክፈቻዎች ነቅሎ መኪናው ውስጥ ደበቀ። አዲሷን ማንቆርቆሪያ ሰካና ቁልፏን አሳያት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳያት፤ ወዲያው ያዘችው። ደስ አለው። ውሃው እስኪፈላ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሺሃረግ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ በፈገግታ ታየው ነበር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስጠበቅኩዎት" አለችው። "ቤትዎ ቅርብ ነው?"

የቀለደች መስሎት ሊስቅ ነበር። ከተዋወቁ ጀምሮ "እርስዎ" ብላው አታውቅም፤ ስትቆጣው እንኳ "አንተ" ነው።

"ቅርብ ነኝ" አለ።

"ወልዴን ያውቁታል? ባለቤቴ ነው። ሰው ሲያደርስ ይቆያል እንጂ አሁን ይመጣል።"

ሐኪሙ አትከራከራት ብሎታል። "ጥሩ ሰው ነው?" ብሎ ጠየቃት።

የሺሃረግ አሰበች። "ጥሩ ነው። ዝምታ ያበዛል እንጂ። ውሃ ሲጠማው እንኳ አይናገርም፤ እኔ ነኝ የማውቅለት።"

ሻዩን ቀዳችለት። ሌላ ኩባያ ሞልታ በሰሃን ከደነችና ወደ ጎን አስቀመጠች። "ይሄ የእሱ ነው" አለች። ወልዴ የእንግዳውን ሻይ ጠጣ። የራሱ አጠገቡ በረደ።

ሲመሽ እንደ ልማዱ ወደ አልጋው ሲጠጋ የሺሃረግ አንሶላውን እስከ አንገቷ ሳበች። "ኧረ በእግዚአብሔር! ባለትዳር ነኝ እኮ" አለች። እሱን ፈርታ አይቷት አያውቅም።

"ይቅርታ እመቤቴ፣ ተሳስቼ ነው" አለና ወደኋላ ሄደ። የምግብ ጠረጴዛውን አጥፎ መቀመጫዎቹን ገጠመና ከኤሲው ሥር ጫማውን ሳያወልቅ ተጋደመበት።

ጥቂት ቆይታ የሺሃረግ ተነሣች። ብርድ ልብስ ይዛ መጥታ ከላይ ጣል አደረገችለት፤ እግሩ ዘንድ ያለውንም አስተካከለች።

"እንግዳ ብርድ ላይ አይተኛም" አለችው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አላት።

አልጋዋ ላይ እስክትመለስ ጠበቀ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ስቦ፣ እንዳትሰማው አፉን በእጁ ይዞ አለቀሰ።