የባለካባው እጅ

መሥራቹ፣ ቀለም ቀቢው መምህርና የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በእጃቸው ይጽፉ የነበሩት እመቤት፣ ሦስቱም ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቷቸው ሆነው ቁልቁል ይመለከታሉ። በሥዕል ታሪክ መተረክን ለዚህ የመጽሔት ቤት ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ሕጋቸው አጭር ነበር፦ መስመር በአንድ ትንፋሽ ይሳባል፤ የተንቀጠቀጠ መስመር ከዚህ በር አይወጣም።

አዛውንቱ ሠዓሊ ለኅትመት የተዘጋጀውን የመጨረሻ ገጽ ተመለከቱ። ዕድሜ ልካቸውን የሣሉት ጀግና ባለካባው አርጅቶ፣ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ሴት ልጁ ታግዘዋለች። እጁ ግን የእሳቸው ሥራ አልነበረም። ልሙጥ፣ ጠንካራ፣ የጎረምሳ እጅ ነበር። ቁጣቸው እስኪመጣ ጠበቁ። አልመጣም።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ ያስነካሁት፣ ጋሼ» አለ ወጣቱ አዘጋጅ። «ገጹን አስቀድመን በድረ ገጻችን ካሳየን ወዲህ አንባቢው ሊውጠን ነው እኮ! እስቲ ይስሙ።» ስልኩን አውጥቶ ያነብ ጀመር። «አንዱ፣ ‹ሕንፃ ሲሸከም ያየነውን ሰው ቁልፍ አሸነፈው? ጀግናችንን መልሱልን!› ይላል። አንዷ ‹አባቴን መሰለኝ፤ መጨረስ አቃተኝ› ብላለች። ይሄኛው ደግሞ...» ስልኩን ወደ ኪሱ ሊመልስ ቃጣው።

«አንብበው እንጂ።»

«‹ሠዓሊው ካረጁ ጡረታ ይውጡ፤ ባለካባውን ይዘውብን አይውረዱ።›»

«ቀልድ ያውቃል» አሉ አዛውንቱ። ፊታቸው ላይ ሳቅም ቅያሜም አልታየም።

«ታሪኩን አልነካሁም፣ ጋሼ። የተንቀጠቀጠውን መስመር ብቻ ነው ያስተካከልኩት። እነዚያ ቢኖሩ ያን እጅ ያሳልፉት ነበር?» ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

«አያሳልፉትም።»

«ታዲያ!»

«እንዲህ ሆኖ የሚታተም ከሆነ ስሜን አንሣ።»

አዘጋጁ ደነገጠ። ያ ስም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ከሽፋኑ ጠፍቶ አያውቅም። «ምን ማለትዎ ነው? የመጨረሻው እትም እኮ ነው!»

አዛውንቱ በእጃቸው የሣሉትን ገጽ ከመሳቢያ አውጥተው ከታረመው ጎን አነጠፉት። «መስኮቱን እየው። የልጅቱንም ጣቶች።»

ወጣቱ አጎነበሰ። የመስኮቱ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነበር፤ የልጅቱ ጣቶችም ጥርት ያሉ። በገጹ ሁሉ የሚንቀጠቀጠው የባለካባው እጅ ብቻ ነበር።

«እጄ ከከዳኝ ቆየ» አሉ አዛውንቱ፣ የማያውቁትን ሰው ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ያን መስኮት ስንት ወረቀት ቀድጄ ነው የሣልኩት። የልጅቱ ጣቶች ላይማ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። የእሱ እጅ ላይ ስደርስ ግን ከእጄ ጋር መታገሉን ተውኩት።»

ስልኩ ጮኸ። ማተሚያ ቤቱ ነበር። አዘጋጁ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ «ጥቂት ታገሡን» ብሎ ዘጋው። ከዚያም የታረመውን ገጽ ከጠረጴዛው ላይ አነሣው።

«መንቀጥቀጡን እርስዎ ያላዩት መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ተሳስቻለሁ።»