እንግዶቹ ዝንጀሮ አይተው እስኪጠግቡ

ደግሞ ዝም በይ ይላታል፣ እሺ፣ ወንጭፏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማማው ላይ ኩርምት ብላ ዝም ትላለች፣ ባንቺአየሁ ናት እንግዲህ ዝም ያለችው። እስከ ረፋድ ብቻ አክስቴ፣ አላት ጧት የእህቷ ልጅ ወንዱ፣ ሐይቅ ከተማ ገብቶ አስጎብኚ ነኝ ካለ ወዲህ አነጋገሩ ሁሉ ተቀይሯል፣ ቱሪስቶቹ የዱር አራዊት ሊያዩ ነው የመጡት፣ ድንጋይ ከወረወርሽ ይበረግጋሉ፣ በቃ ዘና በይ። ዘና። በመስከረም፣ በቆሎው ጺሙን ባጠቆረበት ሰሞን፣ ዘና።

ምን ትበለው፣ እንግዳ ከደጅ አይመለስም፣ ደግሞ እናቱ ስትሞት ልጄን አደራ ያለችው እሷን ነው፣ ሥራ አገኘሁ ሲል በአክስቱ ድንጋይ ይሰናከል? ረፋዱ ግን አለፈ። ፀሐዩ አናቷ ላይ ወጣ፣ አርዲቦ ሐይቅ ከታች እያብለጨለጨ ዓይን ይወጋል፣ እንግዶቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሽማግሌዎች፣ ከማሳዋ ዳር ግራሩ ሥር ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው ያያሉ። ያያሉ። አይደክማቸውም? ዝንጀሮ ነው እኮ፣ ከገደል ወርዶ ሰው የደከመበትን የሚበላ ሌባ፣ ሌባ ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል?

ከማዶ የኡሙሀኒ ጅራፍ ይጮኻል፣ ጧ፣ ዝንጀሮው ከዚያ ማሳ ሸሽቶ ወዴት ይሂድ፣ ዝም ወዳለው። ከላይ የሀሚዱ ልጆች ያባርሩታል፣ እሱም ወደ ባንቺአየሁ። የአገሩ ዝንጀሮ በሙሉ ዛሬ እሷ ዘንድ ነው። ባንቺ፣ ትላለች ኡሙሀኒ ከራሷ ማማ ላይ፣ ድምጿ ሳቅ ሳቅ እያለው፣ ወላሂ ሠርግ ደግሰሽ ሳትጠሪኝ፣ ሙሽራው የትኛው ነው፣ ያ ጎፈሬው? አትመልስላትም፣ ዝም በይ ተብላለች።

የዱር እንስሳት የሀገር ሀብት ስለሆኑ ኅብረተሰቡ ተንከባክቦ ሊጠብቃቸው ይገባል፣ ብሎ ነበር ስብሰባው ላይ የግብርናው ሰውዬ፣ አጨበጨቡ፣ እሷም አጨበጨበች፣ የሀገር ሀብት ከሆነ ሀገር ለምን አያበላውም፣ እሷ ብቻዋን ሀገር ናት?

ይብሉ፣ የላይኛውን ይብሉ፣ ብቻ ያቺን የታችኛዋን መደዳ አይንኩባት፣ ለዘር የለየቻትን፣ ወፍራም ወፍራሙን መርጣ አገዳው ላይ ቀይ ክር ያሰረችበትን፣ የገዛ ልጆቿን እንኳ እሸት እንዳይቀጥፉ የከለከለችበትን። አምና ዘር አልቆባት ለምና ነው የዘራችው። ዘር ለምኖ የዘራ ሰው ቡቃያው እንኳ የሰው ይመስለዋል። ዘንድሮ ላትለምን ምላለች። ግን መደዳዋ ከማማው አትታይም፣ ቁልቁለቱ ይሸፍናታል፣ ሄዳ እንዳታይ ይበረግጋሉ።

ወንዱ፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ አይበቃቸውም? ትንሽ ብቻ አክስቴ፣ ግልገል ያዘለችውን እያዩ ነው፣ በጣም ነው ደስ ያላቸው። ደስ ይበላቸው። ምሳቸውን ከሣጥን አውጥተው በሉ፣ ዝንጀሮውም በላ፣ ያልበላች እሷ ብቻ ናት።

አሁን ደግሞ ሴትዮዋ ተነሥታ ወደ ማማው ትመጣለች፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ ሳቋ መልካም ነው፣ ልጥላት ቢሉ እንኳ አትጠላም፣ የሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር ከአንገቷ አውልቃ ትዘረጋላታለች። አንቺም እዪ እያለችሽ ነው፣ ይላል ወንዱ። እኔ? ዕድሜ ልኬን ያየሁትን? ግን እንግዳ የሰጠው አይመለስም፣ ወንጭፏን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወርዳ ትቀበላለች፣ ሴትዮዋ ክንዷን ይዛ ግራሩ ሥር ታቆማታለች፣ ከዚህ ቁልቁለቱ ይታያል። መጀመሪያ ጭጋግ፣ ከዚያ ቅጠል፣ ዓይኗ ውስጥ ሊገባ የደረሰ ቅጠል፣ ከዚያ እጅ። ጥቁር እጅ፣ ጥፍሩ ሳይቀር። የበቆሎውን ልባስ ይልጣል፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ልክ እሷ እንደምትልጠው፣ ግልገሉ እናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የበቆሎውን ጺም ይጎትታል፣ ታምራለች፣ እውነቱን ለመናገር እናቲቱ ታምራለች፣ አገዳው ላይ ቀይ ነገር ይወዛወዛል።

ክር።

ከጎኑ ያለውም አገዳ ባዶ፣ ክሩ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለውም።

አየሻት አክስቴ? ያምራል አይደል?

መነጽሩን በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ በደንቡ ለሴትዮዋ ትመልሳለች። አየሁ ልጄ። ወንጭፏን ድንጋይ ታጎርሳለች፣ አክስቴ ይላል ወንዱ፣ አክስቴ፣ ድምፁ የጥንቱ ነው፣ የልጅነቱ፣ እሷ ግን ክንዷ ዞሯል፣ ወንጭፉ አናቷ ላይ ያፏጫል፣ ከጧት ጀምሮ የዋጠችው ጩኸት ከሆዷ ሽቅብ እየመጣ ነው፣ እስካሁን ዝንጀሮ አዩ፣ አሁን ደግሞ እኔን ይዩኝ