ሙጫው እስኪደርቅ

ባልየውን ሰፈሩ በሙሉ «አዳማጩ» ይለዋል። የታመመ ሞተር ሲያመጡለት ረጅም ካቻቢቴ ያነሳና ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ከዚያ ቀና ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። ለብዙ ዘመን ፍርዱ ዝንፍ ብሎ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የገዛ የጭነት መኪናው ቆሞ ሲሠራ እንደ ወባ በሽተኛ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰነበተ። ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ነዳጁን ረገመ፤ መንቀጥቀጡ ወይ ፍንክች።

ሚስቱ ጫማ ሠሪ ናት። ግቢው ጥግ ባለችው ሥራ ቤቷ ሶል ስትለጥፍ የሞተሩን ፉጨት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰምታዋለች። ከኋላ በኩል፣ ከጋቢናው አጠገብ፣ አንድ ነገር አየር ይስባል። ድመቷ እንኳ ሰምታ ጆሮዋን ታቆማለች። አዳማጩ ግን ካቻቢቴውን ደግኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ ላየው ሰው የሰማ ይመስላል። እንደማይሰማ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ማወቋንም እስከ ትናንት ድረስ ለራሷ ጥቅም አውላዋለች።

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ክፉኛ ነው የተጠቀመችበት። ሰውዬው ያልሰማውን ነገር «ምን አልሽ?» ብሎ ከመጠየቅ ሞቱን ይመርጣል፤ ስለዚህ ለሁሉም «እሺ» ይላል። አንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቶ ባትሪ ሲያጸዳ፣ እህቴ መጥታ ጥቂት ወራት እኛ ጋ ብትቆይስ ብላ በለሆሳስ ጠየቀችው። «እሺ» አለ። እህትየው ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም ፊቱ ክው አለ፤ ነገር ግን ማን ጠራሽ ብሎ መጠየቅ ገመናውን ማውጣት ነውና ሻንጣውን ተሸክሞ አስገባ። ቀጥሎ ቁም ሣጥን ተሠራ። ቀጥሎ የሳሎኑ ግድግዳ ብርቱካናማ ቀለም ተቀባ። ሁሉም በባለቤቱ ፈቃድ።

ትናንት ግን ጨዋታው አበቃ። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስወጣ የልጅ ልጃቸው በትንሿ ብስክሌቷ ከኋላው ነበረች። ሚስትየው ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤ መኪናው አልቆመም። ልጅቷ ብስክሌቷን ጥላ ሮጠች፤ ብስክሌቷ ጎማው ሥር ገብታ ተጨፈለቀች። አዳማጩ ወርዶ፣ መንገድ ላይ ዕቃ የሚጥለውን ሁሉ ሲሳደብ አመሸ። እሷ ግን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ፈርታ ነበር፤ በእሱ አለመስማት ተደብቃ በመሳቋም አፍራለች።

ጠዋት ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ሞተሩ ከኋላ በኩል እያፏጨ መሆኑን ነገረችው። እኔም እሱን ልል ነበር አለ። ኮፈኑን ከፍቶ በጣቱ ሲዳብስ፣ እውነትም አየር የሚስበውን የቫኪዩም ቱቦ ከሞተሩ ጋር የምታገናኘው የፕላስቲክ መገጣጠሚያ አንገቷ ተቆርጧል። ቦታው ቦታ አይባልም፤ ሞተሩና የጋቢናው ግድግዳ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው፣ እጅ ቆዳውን ጉቦ ካልከፈለ አይገባም። ሰባራውን በፒንሳ ለቃቅሞ እስኪያወጣ የእጁ ጀርባ ተላጠ። አዲስ መገጣጠሚያ ፈልጎ ስላጣ፣ አጭር የናስ ቧንቧ ቆርጦ ቀዳዳው ውስጥ በሙጫ ሊተክል ወሰነ። ሙጫ ደግሞ የሚስቱ ግዛት ነው።

ሲደባለቁ የሚጠነክሩትን ሁለት ሙጫዎች ደባልቃ ቧንቧዋን ቀባችለት። እሱ ሣጥን ላይ ወጥቶ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ፣ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ፣ ጉንጩን የአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ አስተኝቶ ቧንቧዋን በሁለት ጣቱ ያዘ። ከነቀነቃት ትጣመማለች፤ ከለቀቃት ወድቃ የት እንደምትገባ አይታወቅም። ምን ያህል ይቆያል ቢላት፣ ሲደርቅ እነግርሃለሁ አለችው። ያ ሙጫ የሚደርቀው የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው። እሷ ግን የመኪናውን ቁልፍ ኪሷ ከታ፣ በርጩማዋን አምጥታ ጆሮው አጠገብ ቆመችበት።

ድምጿን ከፍ አድርጋ የጆሮ ሐኪም ጋ እንሂድ አለችው። ጆሮዬ ምን ሆነና ብሎ ተቆጣ።

«እህቴን ማን ጠራት?» አለችው።

«አንቺ ነሻ።»

«ማን ፈቀደ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ባትሪ ያጸዳበትን ቀን ነገረችው። የግድግዳውን ቀለም፣ ቁም ሣጥኑን፣ እሺታውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረችለት። መኪናውን ሸጠን ዳክዬ እናርባ ብዬህ እንኳ እሺ ብለሃል አለችው። ከኮፈኑ ሥር የታፈነ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን እርግማን አልለየላትም። እንዳይሸሽ ቧንቧዋ ይዛዋለች።

«ትናንትስ?» አለች። «ስንት ጊዜ ጠራሁህ መሰለህ? ጎረቤቱ በሙሉ ሰምቶ ወጥቷል። ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ብትዘገይ ኖሮ ዛሬ እኔና አንተ ስለ ቱቦ አናወራም ነበር።»

አዳማጩ ጉንጩን ከክዳኑ ላይ ሳያነሳ አፉን ከፈተ።

«አንዴ ብቻ የጠራሽኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱንም ከቆምኩ በኋላ» አለ። ቀጠለና፣ «የማይሰማ አዳማጭ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ።

«የልጅ ልጁን ያልገጨ ሰው ይባላል።»

«እሺ» አለ።

አንጀቷን በላው። ቢሆንም የዚህ ሰው እሺ እንዴት ርካሽ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለምና፣ እሺ ያለው ለየትኛው ነገር እንደሆነ ቃል በቃል አስደገመችው። ሰኞ ጆሮውን ሊታይ፣ እስከዚያም መሪ ላይጨብጥ ቃል ገባ። ያኔ ሙጫው ደርቋል፣ እጅህን አውጣ አለችው።

«እሱማ ከደረቀ ቆየ» አለ። «ጣቴ አልደነቆረም።»

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

«ቀና ካልኩ ፊትሽን ማየት ሊኖርብኝ ነው።»

ቀና አለ፤ አየችው፣ አያት። የተላጠ እጁን በጨርቅ ስትጠርግለት፣ የእህትሽን ነገር አልሰማሁም፣ ዳክዬውንም አልሰማሁም አላት። «ቁም ሣጥኑን ግን ሰምቼሻለሁ።» እሷ ደግሞ ሰርቄ ያሠራሁት ቁም ሣጥን ብላ ስንት ጊዜ ብቻዋን ስቃበታለች፤ የምትገባበት ጠፋት።

ቱቦውን ቧንቧዋ ላይ ገጠመ። እሷ ጋቢና ወጥታ ሞተሩን አስነሳች፤ መንቀጥቀጡ የለም። አዳማጩ እንደ ልማዱ ካቻቢቴውን አንስቶ ወደ ጆሮው አስጠጋና ግማሽ መንገድ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«እስኪ ነይ ስሚልኝ» አላት። «አሁንም ያፏጫል?»

በዚህች ጥያቄ ምን ያህል መቀለድ እንደምትችል አሰበች፤ ምላሷን ያዘች። ወርዳ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ እሷ አዞረችና፣ እሱ ከንፈሯን እያየ፣ «አያፏጭም» አለችው።

«እሺ» አለ አዳማጩ። ይችኛዋን ሰምቷታል።