ያልተቀባው ብር

«አበስኩ ገበርኩ! መድኃኒቱ እጇ ላይ እያለ አባቷን አስቀበረች?»

ጎረቤቷ ጌታነሽ ሹክ ያለች መስሏት ነው፤ ድንኳኑ በሙሉ ሰማት። ንፍሮ ታዞር የነበረችው ፀደንያም ሰማች። ሰፌዱን እንደያዘች ወደ ቀጣዩ ለቀስተኛ አለፈች። የቀየት መንደር ሰው ለቅሶ ሲደርስ እንባውንም ፍርዱንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ከቀብር ወዲህ እናቷ ጥሩሸዋ አላናገሯትም። መጪ ሂያጁን «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ ይውላሉ፤ የገዛ ልጃቸው ስትቀርብ ዓይናቸውን መሬት ይጥላሉ።

አባቷ አቶ ጫኔ ስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ የእግራቸው ቁስል አልሽር ብሎ ነበር። ፀደንያ ዩኒቨርሲቲ የምትመራመርበትን ጦስኝ ከጓሳ ተራራ ለቅመው፣ አድርቀው የላኩላት እሳቸው ናቸው። የጦስኙን ጭማቂ የብር ማዕድን ያለበት ጨው ከሟሟበት ውኃ ጋር ስታዋህደው እንደ ቡና ጠቆረ፤ ብሩ በዓይን እስከማይታይ ደቆ፣ ሳህን ላይ ያራባችውን ጀርም ፈጀላት። ደስታዋን መቻል አቅቷት በጠርሙስ ይዛላቸው መጣች።

«በይ እንጂ ቀቢኝ!» አሉ እግራቸውን ዘርግተው።

«ሰው ላይ አልተሞከረም አባባ። ቢመርዝስ?»

«የኔ ጦስኝ? የኔ ልጅ የሠራችው?» ብለው ሳቁባት።

ጤና ጣቢያው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሂዱ ሲላቸው ግን እምቢ አሉ። «ልጄ እስክትፈቅድልኝ እጠብቃለሁ!» ለመነቻቸው፣ አለቀሰችባቸው፤ በየቀኑ ቁስላቸውን በጨው ውኃ አጠበች። በመጨረሻ በቃሬዛ ሲያወጧቸው የቁስሉ መርዝ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጌታነሽ ምን ታውቃለች! ያ የተረገመ ጠርሙስ ባይመጣ ኖሮ በጊዜ ይሄዱ ነበር። ፀደንያን የሚበላት ይኼ ነው።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቷ ጠሯት። ሲያለቅሱ የነጩት ጉንጫቸው አመርቅዟል።

«ጠርሙሱን አምጪና ቀቢኝ።»

«አልቀባም እማዬ። ያኔም አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ይዘሽው መጣሽ?»

አባቷ እንዲኮሩባት ነበር። ይኼ ደግሞ አሁን ለእናት ይነገራል? ለብ ያለ የጨው ውኃ አመጣች፤ ጨርቅ ነክራ ጉንጫቸውን ነካች።

«እሱንም በጨው ነበር ያጠብሽው» አሉ ጥሩሸዋ። ጨርቁን ከእጇ ወስደው ፊታቸውን ራሳቸው አጠቡ።