ቱርቦው አልሞተም

ሥርጉት የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ነቅላ ሁለት ጣቷን ለሞተሩ አየር ወደሚነፋው ቱርቦ አፍ ስትሰድ የነካችው ነገር ሁሉ ጤነኛ ነበር። የውስጡን ትንሽ ማራገቢያ ወደ ላይ ገፋችው፤ አልተንገጫገጨም። ወደ ጎን ገፋችው፤ አልላላም። በጣቷ ጫፍ ስታሽከረክረው ኮሽ ሳይል ዞረ። ከምላጮቹ አንዳቸውም አልተሸረፉም። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ክው አለች። ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ቆማ “ቱርቦው ሞቷል፤ መቀየር አለበት” ያለችው እሷ ራሷ ነበረች።

ጋራዡ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መውጫ ላይ ያለ የጋሽ ተሾመ ጋራዥ ነው። ሥርጉት እዚያ መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። መኪናው ደግሞ የጋሽ ዓወል ነው፤ አሮጌ በናፍጣ የሚሄድ ደብል ጋቢና። ጋሽ ዓወል ከአንኮበር ቁልቁል፣ ቆላው ውስጥ ያለችው የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። በገበያ ቀን ሰውና ዕቃ ጭነው ዳገቱን አንኮበር አጠገብ ወዳለችው ጎረቤላ ያወጣሉ፤ በሌላው ቀን ምጥ የያዛትም ሆነ እባብ የነደፈው ሰው ሲገኝ የሚጠራው እሳቸው ናቸው። ይህ መኪና ነው እንግዲህ ዳገት ላይ ትንፋሽ እያጠረው፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ በእግሩ ከሚሄድ ሰው እኩል መጓዝ የጀመረው።

ጋሽ ዓወል መኪናውን ባመጡ ዕለት ጋራዡ ውስጥ ሦስት አራት ሾፌሮች ቆመው ነበር። ሥርጉት ወንዶች ከበው ሲያዩዋት ቶሎ የመመለስ ልማድ አላት። ትንሽ ካመነታች “አላወቀችውም” የሚሉ ይመስላታል። የመመርመሪያውን ኮምፒውተር ሰካች፤ የአየር ግፊቱ ቁጥር ዝቅ ብሎ ታያት። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቁጥር እንደሚያሳይ ታውቃለች፤ ያን ሰዓት ግን አላሰበችውም። ጭሱን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ ፈረደች። ጋሽ ዓወል “እንግዲህ አንቺ ካልሽ” ብለው መኪናውን ትተው በሚኒባስ ወደ አገራቸው ወረዱ።

ሥርጉት እጇን በጨርቅ ጠርጋ ለጋሽ ዓወል ደወለች። ያነሱት ባለቤታቸው ሰሊሃ ናቸው።

“እትዬ ሰሊሃ፣ ሥርጉት ነኝ ከጋራዡ። ጋሽ ዓወል አሉ?”

“ውይ ልጄ፣ እሱማ ስልኩንም ረስቶት በጠዋት ገበያ ወጥቷል። ዳለቻዋን ግመል ሊሸጥ። ለቱርቦው አይደል እንዴ?”

“የምትታለበዋን?”

“ምን ይደረግ? የልጅ ልጆቹ ሲያለቅሱ ነው ያደሩት። መኪናው ከሌለ ግን አንድ ሰው ቢታመም በምን ይወጣል? አላህ ይተካል እያልኩ ነው።”

ሥርጉት ምን ብላ እንደተሰናበተች አላስታወሰችም። በቀጥታ ጋሽ ተሾመ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አንድ ብሎን ይመርጣሉ።

“ተሳስቻለሁ” አለች። “የጋሽ ዓወል ቱርቦ ደህና ነው። እሳቸው ግን ለሱ ብለው ግመላቸውን ሊሸጡ ገበያ ወጥተዋል።”

ጋሽ ተሾመ ተነሥተው ሄዱና ጣታቸውን ከትተው ራሳቸው ፈተሹ። “ደህና ነው” አሉ። “ታዲያ ጉልበቱን ምን ወሰደው?”

“ገና አላወቅሁም።”

“ይችን ለማለት ሰባት ዓመት ፈጀብሽ” አሉና ፈገግ አሉ። “በይ፣ ቁልፉን ውሰጂ፤ የግፊት መለኪያውንም ያዢ። ቱርቦውን ላዘዝንባቸው የአዲስ አበባ ነጋዴዎች እኔ እደውላለሁ፤ ገና አልጫኑትም። ሰውየው ግመሏን ሳይሸጥ ድረሺ።”

ቱቦውን መልሳ ገጠመች። ከሞተሩ አየር መግቢያ ላይ አንዲት ቀጭን ጎማ ቀጥላ በመስኮት አስገባችና መለኪያውን ከመሪው ፊት በፕላስተር ለጠፈችው። ሞተሩን አስነሥታ ቱቦዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባች፤ አንድም ቦታ አልፈላም። አልገረማትም። መኪና በቆመበት ሲሠራ ቱርቦው ብዙ አይነፋም። አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ጭነትና ዳገት ሲመጣ ነው። ሕመሙ መንገድ ላይ እንጂ ግቢ ውስጥ አይታይም ማለት ነው።

እስከ አንኮበር ያለው መንገድ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ በየአቀበቱ መለኪያውን ታያለች። መርፌው ይነሣል፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ነዳጅ ብትጨምርም ንቅንቅ አይልም። ይህ ደግሞ ራሱ መልስ ነበር። ቱርቦው ይነፋል፤ የነፋው አየር ግን የሆነ ቦታ ይጠፋል። ገብሱን እያዘናፈለ የሚመጣው ነፋስ መኪናውን በጎን ሲገፋው፣ እሷ ከራሷ ጋር ታወራ ነበር። “ይሸጧት ይሆን? ሸጠዋት ይሆን?” ጎረቤላን አልፋ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስትጀምር ጃኬቷን አወለቀች፤ ግማሽ መንገድ ስትደርስ ሹራቧንም።

አልዩ አምባ ስትደርስ የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ብሎ ብዙ ሰው ወደ መስጊድ ሄዷል። ግመል ተራው ጭር ብሏል። ዳለቻዋ ግመል ተንበርክካ ታመሰኳለች፤ ጋሽ ዓወል አጠገቧ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። መኪናቸውን ሲያዩ ዱላው ከእጃቸው ሊያመልጥ ነበር።

“ያ አላህ! ቱርቦው መጣ እንዴ?”

“አልመጣም። ጋሽ ዓወል፣ ግመሏን ሸጧት?”

“ሀምዳን የሚባል ሰው ሊገዛኝ ነው። ዋጋው ላይ ትንሽ ቀርቶን ነበር፤ ሰግዶ ሲመጣ እንጨርሳለን፤ ከዚያ እኔ እሰግዳለሁ።”

ሥርጉት ከመኪናው ወርዳ ተጠጋቻቸው።

“አይሽጧት። ቱርቦው አልሞተም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በደንብ ሳላይ ነው የፈረድኩት። ሰው ፊት አላወቀችም እንዳልባል ቸኩዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ጋሽ ዓወል እጃቸውን ግመሏ አንገት ላይ አሳረፉ።

“ሦስት ሌሊት ወላሂ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም” አሉ።

ሥርጉት አንገቷን ደፋች።

“ይህን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ ቁልቁለት የወረድሽው?”

“ስልክዎን ቤት ረስተውት…”

ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳሰሱ፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ሳቁ መጀመሪያ ትከሻቸውን ብቻ ነቀነቀው፤ ቆይቶ ግን ግመሏ እስክትዞር ድረስ ሳቁ።

ሀምዳን ከስግደት ሲመለስ ነገሩን ሰማ። ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። “ገና አልጨረስንም ነበር፤ ቃል አላጠፍክም” አለ። ከዚያ የግመሏን ገመድ ተቀብሎ ጥላ ፍለጋ ዞር ዞር ብሎ አየ። “እናንተ ዳገቱን ሞክሩት፤ ግመሏን እኔ እጠብቃለሁ። መኪናው እምቢ ካለ እዚሁ ነኝ።”

“ጭነት እፈልጋለሁ” አለች ሥርጉት፣ ጋሽ ዓወል ሰግደው ሲመለሱ። “ባዶውን ከወጣ ምንም አይነግረኝም።”

ጭነት ለመፈለግ መድከም አላስፈለገም። ወደ ጎረቤላ የሚመለሱ ሴቶች ብርቱካናቸውንና ሽንኩርታቸውን በጆንያ ይዘው መኪናውን ካዩበት ደቂቃ ጀምሮ ከበውት ነበር። ጋሽ ዓወል መሪውን ያዙ፤ ሥርጉት አጠገባቸው ሆና መለኪያው ላይ አፈጠጠች።

“እንደ ወትሮዎ ይንዱት።”

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሕመሙ መጣ። ሞተሩ አቃሰተ፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ወጣ፤ መርፌው ግማሽ ላይ ተቸነከረ። ጋሽ ዓወል ማርሽ ቀንሰው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ።

“ሰማሽው?” አሉ።

“ምኑን?”

“ሽ… የሚለውን። ጉልበቱ ከመጥፋቱ በፊት ሁልጊዜ ይሄ ይቀድማል። ከበስተቀኝ፣ ከታች ነው።”

ሥርጉት መስኮቷን አውርዳ አዳመጠች። እውነትም አለ፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማ ዓይነት ቀጭን ድምፅ።

“ለምን አልነገሩኝም ነበር?”

“አልጠየቅሽኝማ” አሉ፣ ቅሬታ በሌለበት ድምፅ። “ቶሎ ነው የፈረድሽው።”

ሜዳ ቢጤ ቦታ ሲያገኙ ቆሙ። አንዷ ተሳፋሪ ወርዳ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገች። ሥርጉት ኮፈኑን ከፈተችና ጋሽ ዓወልን ነዳጅ እንዲረግጡ ነገረቻቸው። ሙቀቱ ፊቷን እየገረፋት ከቱርቦው ተነሥታ አየሩ የሚሄድበትን መንገድ በመዳፏ ተከተለች። አየሩን እስከሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ድረስ ሁሉም ደረቅ ነው። ከእሱ ወጥቶ ወደ ሞተሩ የሚገባው ወፍራም የጎማ ቱቦ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከላዩ ንጹሕ ነው። ከሥሩ ግን ዘይት የጠጣ አቧራ በአንድ በኩል ብቻ ተረጭቷል፤ ሰው በአፉ እፍ ብሎ የበተነው ይመስላል። መዳፏን ከሥሩ አስገባች። ትኩስ ንፋስ ጣቶቿ መሐል አለፈ።

“ይርገጡት! ይርገጡት! አገኘሁት!”

ስንጥቁ ከማጥበቂያው ቀለበት አጠገብ፣ ማንም በማያየው በታችኛው ጎን ነበር፤ ርዝመቱ አንድ ጣት ያህላል። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፤ ቱቦው ሲሞቅና አየሩ ሲወጥረው ደግሞ እንደ ከንፈር ይከፈታል። ለዚህ ነው ግቢ ውስጥ አረፋው ያልፈላው። ሥርጉት ሞተሩን አስጠፍታ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። መሣቅ ፈልጋ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። ጋሽ ዓወል አይተው እንዳላዩ ሆነው ወደ ቆላው ዞሩ።

ቱቦው እስኪበርድ ሴቶቹ ብርቱካን ልጠው አጎረሷት። ከዚያ ቀለበቱን ፈታች፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በቢላዋ ቆርጣ ጣለች። ቱቦው ትንሽ ትርፍ ስለነበረው ስትስበው በቂ ሆነ። መልሳ ሰካችው፤ ቀለበቱን ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው።

“ይኼ ለሰሞኑ ይበቃዎታል፤ አዲሱን ቱቦ እስካስመጣ ድረስ” አለች። “ይሞክሩት።”

ጋሽ ዓወል “ቢስሚላህ” ብለው ተነሡ። መርፌው ወጣ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ሥርጉት ወደ መለኪያው ጠጋ አለች። አልቆመም፤ ወጥቶ ወጥቶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ረጋ። ሽ… የሚለው ድምፅ የለም፣ ጭሱ የለም። ሽማግሌው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ አለማመን እየታየ ሦስተኛ አስገቡ። መኪናው ዳገቱን ይዞት ወጣ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ጣራውን ደበደቡ።

“ኧረ ቀስ በል አንት ሰውዬ! ልትጨርሰን ነው?”

“ሲድህ ታማርራላችሁ፣ ሲበርርም ታማርራላችሁ!” ብለው መለሱላቸው በመስኮት። ሥርጉት ወንበሩ ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ የነበረው ድንጋይ የት እንደገባ እንጃ፣ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ጋራዡን ስትከፍት የምትሸከመው ሌላው፣ የቆየውም ድንጋይ ቢሆን ቀለል ብሏት ነበር። አላውቅም ብላ ነበር፤ መሬት አልተሰነጠቀም።

ጎረቤላ ሲደርሱ ጉም ወርዷል። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ጆንያቸውን አወረዱ። ጋሽ ዓወል በሥርጉት ስልክ ቤታቸው ደወሉ። “ሰሊሃ፣ ዳለቻዋን ማታ ታልቢያታለሽ” አሉ። ከወዲያ በኩል የተሰማው እልልታ ሥርጉት ጆሮ ድረስ መጣ። እሷም ለጋሽ ተሾመ ደወለች።

“ቱቦ ነበር። ከሥር የተሰነጠቀ።”

“ማን አገኘው?”

“ጋሽ ዓወል ሰሙት፤ እኔ ነካሁት።”

“ጎሽ” አሉ ጋሽ ተሾመ። “ቱርቦውን አሰርዣለሁ። ቱቦውን ነገ እናዝዛለን።”

ጋሽ ዓወል ሀምዳን ግመል እየጠበቀላቸው ስለሆነ መቆየት አልቻሉም። ለሥርጉት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ ፈለጉላት፤ የመስኮት ወንበር ካልተሰጣት ብለው ከረዳቱ ጋር ተሟገቱ። ስትሳፈር እጇን ይዘው “ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ቱርቦውን ይቀይርልኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር” አሉ። “አላህ ያክብርሽ፣ ልጄ።”

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ሥርጉት ሹራቧን ለበሰች፣ ጃኬቷን ደረበች፣ ራሷን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ጋራዡ በር ላይ ለመውረድ ነበር ሐሳቧ። ረዳቱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሲቀሰቅሳት ግን መናኸሪያ ውስጥ ነበሩ፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ወርዷል።

“እህቴ፣ ሦስቴ ተጣራሁ እኮ። ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው?”

“ደህና እንቅልፍ” አለችና ወርዳ በእግሯ ወደ ጋራዡ መመለስ ጀመረች።