ብረቷ የተናገረችበት አርብ

ከክፍላችን ልጆች አንዷን «ብረቷ» ነው የምንላት። ስሙ የወጣላት እናቷን ቀብራ በሳምንቱ ላብራቶሪ የገባች ቀን ነው። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን በስርቆት ስናያት፣ «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሥራ የላችሁም?» አለችን። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ደህና ነሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ብረት ደግሞ ምን ይሆናል!

ምን እንደምትሆን የማውቀው ከእሷ በላይ ባለው አልጋ የምተኛው እኔ ነኝ። ምግብ አይወርድላትም። መጽሐፍ ትገልጥና ቀኑን ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ትፈዛለች። ሲብስባት የተማሪዎች አማካሪው ዘንድ ሄደች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓመቱን አርፋ አባቷ ቤት መተኛት። ያለ አማካሪው የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ትምህርት ክፍሉ አይፈቅድም።

አማካሪው ደግ ሰው ናቸው። የጨረሰንም ደግነታቸው ነው።

«አንቺማ የጽናት ምሳሌያችን ነሽ!» አሏት። «አርብ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ስልጠና አለ። ትንሽ ተናገሪላቸው፣ ከዚያ ስለ እረፍትሽ እንነጋገራለን።»

«እውነቱን ነው የምናገረው» አለችኝ ፀጉሯን እያሰረች። «እሳቸውም ይስሙት። ከሰሙ አይከለክሉኝም።»

አርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ በትልልቁ «አንበገርም!» የሚል ተለጥፏል። ማይኩን ያዘችና፣ «እኔ አልቻልኩም» አለች።

ቀልድ መሰላቸው። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። «ጠዋት ከአልጋዬ መውረድ ያቅተኛል» ስትል አንዱ ከኋላ «እኛም!» ብሎ ጮኸ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ዝም በሉ ልል ከወንበሬ ስነሳ አየችኝና በዓይኗ ተቀመጪ አለችኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ የመጡበትን ሰጠቻቸው፤ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ውጡ፣ ከሰው ተቀላቀሉ፣ ያልፋል። ቆመው አጨበጨቡላት።

አማካሪው በር ላይ ጠብቀው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣ እኔን ራሴን አበረታሽኝ!»

«እረፍቱስ ጋሼ?»

«የምን እረፍት? ይህን ሁሉ ሰው ያስነሳች ልጅ አልቻለችም ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል?»

«እውነቴን እኮ ነበር።»

«ከልብሽ መሆኑማ ያስታውቃል! ለዚህ እኮ ነው የነካን።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተናድጃለሁ፣ ግን በማን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም። ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነበሩ። ወዲያው አላነሳችም፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«አባዬ! ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ። ዛሬማ ቆመው አጨበጨቡልኝ።» አዳመጠችው። «አይ፣ ዘንድሮ አልመጣም።»